ላይፍ ኢንሹራንስ ከመፈረማችሁ በፊት፦ በአሜሪካ ያሉ የሐበሻ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁን

ላይፍ ኢንሹራንስን የሚፈርመው አንድ ሰው፣ ገንዘቡን የሚጠይቀው ሌላ ሰው ነው። ጠያቂው ወረቀት ይዞ ሲቀርብ ፈራሚው ቆሞ «ያን ጊዜ እንዲህ ማለቴ ነበር» ሊል አይችልም። ስለዚህ ሥራው ላይ ያለን ሰዎች ማመልከቻ የምናየው ከመጨረሻው ተነሥተን ነው። ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) የምታስገባው ሚስት ምን ትጠየቃለች? የትኛው ወረቀት ያስቆማታል? የወር ክፍያው ስንት ነው የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ይህን የምንጽፈው አሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ነው። ሕጉ ከስቴት ስቴት በጥቂቱ ይለያያል፤ እዚህ ያለው ግን በአብዛኞቹ ይሠራል። «ሟርት አታውሩ» ለሚሉ ወላጆች እኛም መልስ የለንም።

ስንት ይበቃል?

«የዓመት ገቢህን አሥር እጥፍ ግዛ» የሚለው ምክር መነሻ ይሆናል እንጂ የእኛን ቤት ልክ አያውቅም። የእኛ ቤት ወጪ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ አገር ቤት ነው። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥ ይሻላል።

ምሳሌ እንውሰድ። ባል ታክሲ ይነዳል፣ ሚስት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ ልጆቹ 3 እና 7 ዓመታቸው ነው። የቤቱ የወር ወጪ ሞርጌጁን ጨምሮ 5,400 ዶላር ነው። ባል ቢሞት የእሱ የራሱ ወጪ 700 ያህል ይቀንሳል፤ 4,700 ይቀራል። የሚስት ደሞዝ ተጣርቶ 2,600 ቢገባ፣ ከሶሻል ሴኪዩሪቲ ለልጆቹ 1,500 ቢመጣ፣ በየወሩ 600 ይጎድላል። ትንሹ ልጅ 18 እስኪሞላው 15 ዓመት አለ፦ 600 በ12፣ በ15 ሲባዛ 108,000 ዶላር። አሁን ደግሞ ማንም የማያስበው ይመጣል። ባል ማታ እየነዳ ቀን ልጆቹን ያመላልስ፣ ይጠብቅ ነበር። እሱ ከሌለ ያ ሥራ በክፍያ ይሠራል፤ በወር 900፣ ለ9 ዓመት፣ 97,200። ለሁለቱ ልጆች ኮሌጅ 80,000። የመኪናና የክሬዲት ካርድ ዕዳ 14,000። አስከሬን አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ከነቀብሩ 20,000 እንመድብ። አገር ቤት ላሉ እናትና አባት በወር 200፣ በ15 ዓመት 36,000። ድምሩ 355,200 ነው።

ይህን ቁጥር እንዳለ አንወስደውም። ትልቁ ልጅ 18 ሲሞላው (ሃይስኩል ካልጨረሰ 19) የእሱ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ድርሻ ይቆማል፣ ጉድለቱ ይሰፋል፤ ኑሮውም ባለበት አይቆምም። ለዚህ ቤት ግማሽ ሚሊዮን ብንል አላጋነንም። ሚስትም በተመሳሳይ ስሌት ለብቻዋ መሰላት አለባት። ቤት የምትውል ሚስት «ገቢ ስለሌላት አያስፈልጋትም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ የሷን ቀን በዴይኬርና በሞግዚት ዋጋ ብትመነዝሩት ምን ያህል እንደሆነ ይታያችኋል።

ሶሻል ሴኪዩሪቲ የሚሰጠው የአንድ ጊዜ የሞት ክፍያ 255 ዶላር ብቻ ነው። ትልቁ ጥቅም ለልጆችና ከ16 ዓመት በታች የሆነ የሟቹን ልጅ ለምታሳድግ እናት (ወይም ለሚያሳድግ አባት) በየወሩ የሚሰጠው ነው። አንድ ልጅ ሟቹ ሊያገኝ ከሚችለው ጡረታ እስከ 75 ከመቶ ያገኛል፤ ለቤተሰቡ በጠቅላላ ግን ጣሪያ አለው። የእናንተን ግምት ከሶሻል ሴኪዩሪቲ ድረ ገጽ አካውንት ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ከላይ 1,500 ባልንበት ቦታ የራሳችሁን አስገቡ።

እዚህ ላይ የኡበር፣ የታክሲና የራሱ ሥራ ያለው ሰው ጆሮውን ይስጠን። ማይሉንም፣ ጥገናውንም፣ ስልኩንም ቀናንሶ ታክስ ላይ 14,000 ዶላር ብቻ የሚያሳይ ሾፌር ያቺን ዓመት ታክሱን ቀንሷል። ነገር ግን ሁለት ቦታ ይመለስበታል። የልጆቹ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ድርሻ የሚሰላው በዚያችው 14,000 ነው። ኢንሹራንስ ካምፓኒውም ሽፋን የሚፈቅደው የተመዘገበውን ገቢ በዕድሜ ልክ በተወሰነ ቁጥር እያባዛ ስለሆነ ግማሽ ሚሊዮን ቢጠይቅ «ይህ ገቢ አይሸከምም» ብሎ ሊቀንስበት ይችላል። ማመልከቻው ላይ 60,000 ብሎ ታክሱ ላይ 14,000 መጻፍ ደግሞ በኋላ የምናነሣውን መዘዝ ያመጣል።

ተርም ነው ወይስ ዕድሜ ልክ?

ለአብዛኛው ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ መልሳችን ተርም ነው። ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ዋጋው አይለወጥም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሞታችሁ ይከፍላል፣ ካልሞታችሁ ያበቃል። «ታዲያ ገንዘቤ ባከነ?» ይባላል። የመኪና ኢንሹራንስ ስትከፍሉ ዓመቱን ሙሉ ባለመጋጨታችሁ አታዝኑም።

ዋጋውን እንይ። ጤነኛ፣ የማያጨስ የ35 ዓመት ወንድ ግማሽ ሚሊዮን በ20 ዓመት ተርም እንደ ጤና ደረጃው በወር ከ25 እስከ 45 ዶላር አካባቢ ያገኛል፤ ሴት ትንሽ ይቀንስላታል። ያው ግማሽ ሚሊዮን በሆል ላይፍ (በዕድሜ ልክ ኢንሹራንስ) ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። ችግሩ ሆል ላይፍ መጥፎ ዕቃ መሆኑ ላይ አይደለም። 300 ዶላር በወር መክፈል የሚችል ቤተሰብ በሆል ላይፍ የሚያገኘው ሽፋን ሩብ ሚሊዮንና ከዚያ በታች ነው፤ አባት ቢሞት ያ ለቤቱ አይበቃም። ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቋረጠው ይሄ ክፍያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተቋረጠ ተመላሹ ከከፈላችሁት እጅግ ያነሰ ነው፤ አንዳንዴም ምንም የለውም። ዕድሜ ልክ ሽፋን ትርጉም የሚኖረው ዕድሜ ልክ እርዳታ የሚፈልግ ልጅ ሲኖር፣ ወይም የጡረታ ቁጠባው (401ኬ) ሌላውም ሞልቶ ገንዘብ ሲተርፍ ነው።

የተርሙን ርዝመት በትንሹ ልጅና በሞርጌጁ ለኩት። ትንሹ 3 ዓመቱ ከሆነ 20 ዓመት ኮሌጁን ያስጨርሰዋል። ሞርጌጁ አዲስ የ30 ዓመት ከሆነ 250,000 በ30 ዓመት፣ 250,000 በ20 ዓመት አድርጎ ሁለት ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) መግዛት ከአንድ የ30 ዓመት ግማሽ ሚሊዮን ይረክሳል። ስትገዙ አንድ ነገር ፈልጉበት፦ ያለ ምርመራ ወደ ዕድሜ ልክ መቀየር የሚያስችል መብት። በ48 ዓመቱ ካንሰር የተገኘበት ሰው ሌላ ኢንሹራንስ ማግኘት በጣም ይከብደዋል፤ ይህ መብት ካለውና ቀነ ገደቡ ካላለፈ ግን ካምፓኒው እንቢ ሊለው አይችልም።

ስለ አይዩኤል

በየአዳራሹ «የፋይናንስ ትምህርት» በሚል ስም የሚቀርበው በአብዛኛው ይሄ ነው፤ ኢንዴክስድ ዩኒቨርሳል ላይፍ። «አክሲዮን ሲወጣ ታተርፋለህ፣ ሲወርድ አትከስርም፣ ጡረታ ላይ ያለ ታክስ ትበደርበታለህ» ይባላል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ እውነት አለው። ትርፉ ጣሪያ አለው፤ ገበያው 20 ከመቶ ቢወጣ ጣሪያው 9 ከሆነ የናንተ 9 ነው፣ ጣሪያውንም ካምፓኒው በየዓመቱ ሊያወርደው ይችላል። ወለሉ ዜሮ ነው ማለት የአስተዳደርና የኢንሹራንሱ ወጪ አይቀነስም ማለት አይደለም፤ ገበያው በወረደበት ዓመት ሒሳባችሁ በወጪው ልክ ይጎድላል። የኢንሹራንሱ ወጪ ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፤ በ60ዎቹ ውስጥ የምር ይከብዳል። ያኔ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ፖሊሲው ቢወድቅና ከፍተኛ ብድር ተወስዶበት ከሆነ የታክስ ዕዳ ይዞ ይመጣል።

ኤጀንቱ በሚያሳያችሁ ሠንጠረዥ ላይ «ጋራንቲድ» የሚለውን ዓምድ ፈልጋችሁ እሱን ብቻ አንብቡ። ፖሊሲው በየትኛው ዕድሜያችሁ ዜሮ ይገባል? ብዙ ጊዜ ኤጀንቱ ጣቱን የሚያኖረው በሌላኛው ዓምድ ላይ ነው። በ5ኛው፣ በ10ኛው ዓመት ብትተዉት ስንት ታገኛላችሁ? የሚቀጣው የማቋረጫ ክፍያ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል።

ሻጩ የአጎት ልጅ ወይም የማኅበር አባል ሲሆን ይሉኝታው ያስፈርማል። ዕወቁት፦ በዕድሜ ልክ ፖሊሲዎች የኤጀንቱ ኮሚሽን ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያችሁ ግማሹን፣ አንዳንዴም ሙሉውን ያክላል። ከተርም የሚያገኘው በዶላር ሲቆጠር ጥቂት ነው። ሥራውን የጀመረው ባለፈው ወር ከሆነ ደግሞ ከሱ በላይ ያለውም ከዚያችው ይካፈላል። ላይሰንሱን በስቴታችሁ የኢንሹራንስ ቢሮ ድረ ገጽ በስሙ መፈተሽ ነውር አይደለም። ፖሊሲው እጃችሁ ከገባ በኋላም ከ10 እስከ 30 ቀን እንደ ስቴቱ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ የከፈላችሁትን ሙሉ መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። «ነባሩን ሰርዘህ ይሄን ግዛ» ከተባላችሁ አዲሱ ጸድቆ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ገብቶ እጃችሁ ሳይደርስ ነባሩን አትንኩ።

ጤና፣ ሺሻና የአገር ቤት ጉዞ

ካምፓኒው የሚያምነው የናንተን ቃል ብቻ አይደለም። የመድኃኒት ታሪካችሁን ከፋርማሲዎች መረጃ ያወጣል፣ ከዚህ በፊት ለሌላ ካምፓኒ ያመለከታችሁትን ያያል፣ የመንጃ ፈቃድ ሪከርዳችሁን ይስባል። ለሾፌር የፍጥነት ቲኬትና የመጠጥ ክስ ከደም ግፊት በላይ ዋጋ ሊያስጨምሩበት ይችላሉ።

ፖሊሲው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሰው ከሞተ ካምፓኒው ማመልከቻውን ከሕክምና ሪከርዱ ጋር እያስተያየ የመመርመር መብት አለው። ስኳሩን ደብቆ የሞላ ሰው በመኪና አደጋ ቢሞት እንኳ፣ ካምፓኒው «ይህን ብናውቅ በዚህ ዋጋ አንሸጥለትም ነበር» ማለት ከቻለ ሚስቲቱ የሚመለስላት የተከፈለው ፕሪሚየም (የኢንሹራንሱ ክፍያ) ብቻ ሊሆን ይችላል። ራስን ማጥፋትም በአብዛኞቹ ስቴቶች ለሁለት ዓመት አይሸፈንም። «ዝም ብለህ ኖ በለው» የሚል ኤጀንት ካጋጠማችሁ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ መልሱ የተፈረመው በናንተ ስም ነው። ፖሊሲ በቀየራችሁ ቁጥር ይህ የሁለት ዓመት ሰዓት ከዜሮ ይጀምራል።

ምርመራው ቤት ወይም ሥራ ቦታ መጥቶ የሚደረግ ነው፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ግፊት፣ ደም፣ ሽንት። ጠዋት ይሁን፤ ለ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ከምግብ ርቃችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ፣ ቡና ሳትቀምሱ።  ከባድ ስፖርት ከዋዜማው ተዉ፤ የጉበትና የኩላሊት ቁጥሮችን ያዛባል።

ሺሻ ኒኮቲን አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚያጨስም በሽንቱ ሊታይበት ይችላል፤ ብዙ ካምፓኒዎች ከሲጋራ ለይተው አያዩትም፣ የአጫሽ ዋጋ ደግሞ ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። ካቆማችሁ 12 ወር ካለፈ በኋላ ዋጋው እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል።

ከእኛ አካባቢ በመጡ ሰዎች ላይ ሁለት ነገር በተደጋጋሚ ይወጣል። አንደኛው የቲቢ የቆዳ ምርመራ ፖዘቲቭ መሆኑ ነው፤ ኤክስሬይ ንጹሕ ከሆነ በዋጋ ላይ ለውጥ ሊያመጣ አይገባም፣ የኤክስሬዩን ውጤት ያዙ። ሁለተኛው የሄፓታይተስ ቢ ተሸካሚነት ነው። እዚህ ላይ ካምፓኒዎች በጣም ይለያያሉ፤ አንዱ የሚመልሰውን ሌላው በትንሽ ጭማሪ ይቀበላል። የቫይረሱን መጠን፣ የጉበት ኢንዛይሞችን ውጤትና የቅርብ ጊዜ አልትራሳውንድ ይዞ፣ ለብዙ ካምፓኒዎች የሚሠራ ኤጀንት ስም ሳይጠቅስ አስቀድሞ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ። በይፋ አመልክቶ መመለስ በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ ይጠየቃል።

«በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ወደ ውጭ አገር ትጓዛለህ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ቲኬት የቆረጠ ሰው «አልጓዝም» ይላል፤ ይህም መደበቅ ነው። የስቴት ዲፓርትመንት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ያለበት አገር ሲሆን አንዳንድ ካምፓኒዎች እስክትመለሱ ያዘገያሉ፤ ሌሎች የጉዞው ርዝመትና ቦታው ታይቶ ያልፋሉ። በዚህ ምክንያት እንዳይከለክሉ የሚገድብ ሕግ ያላቸው ስቴቶችም አሉ። ሳትጓዙ ብትጨርሱት ከሁሉ ይቀላል። አንዴ ጸድቆ ከያዛችሁት በኋላ ግን የተለመደው ፖሊሲ የትም ብትሞቱ ይከፍላል፤ አዲስ አበባም፣ ጎንደርም።

ግሪን ካርድና ዜግነት ላለው ሰው የመኖሪያ ሁኔታ ችግር አይሆንም። አሳይለሙ በሂደት ላይ ሆኖ በወርክ ፐርሚት ለሚሠራ ግን የካምፓኒው ምርጫ ይጠባል። አገር ቤት ለሚኖር አባት ከዚህ ሆኖ ኢንሹራንስ መግዛት ግን በአብዛኛው አይቻልም፤ የአሜሪካ ካምፓኒ የሚሸጠው እዚህ ለሚኖር ሰው ነው። እዚህ ላሉ ወላጆችም ቢሆን እነሱ ሳያውቁ፣ ሳይፈርሙ አይገዛም። «ያለ ምርመራ ለሁሉም» የሚባለው የቀብር ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሕመም ለሞተ ሰው የከፈለውን ከትንሽ ጭማሪ ጋር መልሶ ይሰጣል እንጂ ሙሉውን አይከፍልም።

ስምና የልደት ቀን

አሜሪካዊ ቅጽ ባልና ሚስት፣ ልጆችም፣ አንድ ላስት ኔም አላቸው ብሎ ያስባል። በእኛ ቤት የባል ላስት ኔም የአባቱ ስም፣ የሚስት የአባቷ፣ የልጆቹ ደግሞ የአባታቸው የራሱ ስም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቤት፣ ሦስት ላስት ኔም። በዚያ ላይ የስሙ የእንግሊዝኛ ፊደል በፓስፖርት አንድ፣ በመንጃ ፈቃድ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ቅጹ ላይ ሁሉንም ሰው አሁን ባለው ፓስፖርት ወይም የዜግነት ወረቀት ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ገልብጡ። የቤት ስም አይጻፍ። የጋብቻ ሰርተፊኬትና የልጆች የልደት ወረቀት ከፖሊሲው ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጡ፤ ዝምድናውን የሚያስረዳው ስሙ ሳይሆን እነሱ ናቸው።

የልደት ቀን የባሰ ነው። በስደት የመጡ ብዙዎች ጃንዋሪ 1 ተብለው ተመዝግበዋል፤ ዓመቱም በግምት የተሞላ አለ። በሁሉም ፖሊሲ ውስጥ ማለት ይቻላል ዕድሜ በስሕተት ከተሞላ ምን እንደሚደረግ የሚናገር አንቀጽ አለ፦ የተከፈለው ፕሪሚየም በእውነተኛው ዕድሜ ሊገዛ ይችል የነበረውን ያህል ብቻ ይከፈላል። ለ35 ዓመት ሰው ግማሽ ሚሊዮን በወር 30 ዶላር፣ ለ40 ዓመት ሰው 42 ዶላር ነው እንበል። 40 የሆነ ሰው 35 ተብሎ ገዝቶ ከሆነ 500,000 በ30 ተባዝቶ ለ42 ይካፈላል፤ ቤተሰቡ የሚያገኘው 357,143 ነው። ይህ ከሁለት ዓመት በኋላም ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚወጣው ሰው አገር ቤት ሞቶ ከዚያ የመጣው ወረቀት ከአሜሪካው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። የተመዘገበው ዕድሜ ስሕተት መሆኑን የምታውቁ ከሆነ ማስተካከሉ በሕጋዊ መንገድ ከማመልከቻው በፊት ይቅደም።

የዋጋ ነገር ከተነሣ፣ ብዙ ካምፓኒዎች ዕድሜ የሚቆጥሩት በቅርቡ ባለው ልደት ነው፤ 39 ዓመት ከስድስት ወር ያለፈው ሰው 40 ነው። ልደቱ ጃንዋሪ 1 የተባለ ሰው ዋጋ የሚጨምርበት ከጁላይ ጀምሮ ነው ማለት ነው።

ቤኔፊሸሪ (ገንዘቡን ተቀባይ) ማን ይሁን?

ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው፤ ሰው ግን ሁለት ደቂቃ አይሰጠውም። ዋናው ተጠቃሚ አለ፣ እሱ ከሌለ የሚተካው ተጠባባቂ አለ። ተጠባባቂውን ባዶ አትተዉ፤ ባልና ሚስት በአንድ መኪና ይጓዛሉ። ሁለቱም ከሌሉ ገንዘቡ ወደ ውርስ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ተጠባባቂው ላይ የ3 ዓመቱን ልጅ ስም ብቻ መጻፍም አይሆንም። ካምፓኒ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ቼክ አይጽፍም፤ ፍርድ ቤት ሞግዚት እስኪሾም ገንዘቡ ይቆማል። የተሻለው፣ ቅጹ ላይ ልጁን ጽፎ ገንዘቡን ይዞ የሚያስተዳድር ጎልማሳ ሰው ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ንብረት በወጣው የስቴቱ ሕግ መሠረት መሰየም ነው፤ ብዙ ካምፓኒዎች ለዚህ መስመር አላቸው። ልጁ እንደ ስቴቱ 18 ወይም 21 ሲሞላው ሙሉውን ይረከባል። በዚያ ዕድሜ ግማሽ ሚሊዮን መስጠት የሚያሳስባችሁ ከሆነ ጠበቃ ዘንድ ትረስት (ገንዘቡ መቼና እንዴት እንደሚሰጥ የሚወስን የአደራ ሰነድ) ማውጣት ያስፈልጋል።

«ለወንድሜ ይሰጠው፣ እሱ ለእናቴም ለልጆቼም ያከፋፍላል» የሚለው የእኛ ሰው መንገድ ነው። በሕግ ፊት ያ ገንዘብ የወንድም ነው። በአደራ መያዙን የሚያሳይ ምንም ወረቀት የለም፤ ወንድሙ ዕዳ ቢኖርበት፣ ቢፋታ፣ ቢሞት ገንዘቡ ከሱ ንብረት ጋር ይሄዳል። ለእናት የታሰበ ካለ እናት በስሟ፣ በመቶኛ ትጻፍ፤ ለምሳሌ ሚስት 85፣ እናት 15፣ ድምሩ 100። አገር ቤት ያለች እናት መቀበል ትችላለች፤ ግን የውጭ አገር ነዋሪ የታክስ ቅጽ ትሞላለች፣ ማንነቷን በኖተሪ ታስረጋግጣለች፣ ቼኩ ከደረሰ በኋላም ባንክ ወራት ሊያቆየው ይችላል። ቢቻል ገንዘቡ በባንክ ዝውውር እንዲላክ ከመጀመሪያው ይጠየቅ።

የተፋታ ሰው ያን ሳምንት ቅጹን ይቀይር። ብዙ ስቴቶች ፍቺ የቀድሞውን ባለትዳር ስም በራሱ እንዲሰርዝ ያደርጋሉ። በፌዴራል ሕግ በሚተዳደሩ የመሥሪያ ቤት ፖሊሲዎች ግን ያ የስቴት ሕግ አይሠራም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 ኤገልሆፍ በተባለው ጉዳይ የወሰነው ይህንኑ ነው። ቅጹ ላይ የቆየችው የቀድሞ ሚስት ከሆነች ገንዘቡ የሷ ነው።

«ሥራ ቦታ አለኝ» ለሚል

ብዙ ጊዜ ያለው የደሞዝ አንድ ወይም ሁለት እጥፍ ነው፤ ሥራውን ስትለቁ ያበቃል። ወደ ግል መቀየር ይቻላል፣ ቀነ ገደቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ 31 ቀን ነው፣ ዋጋውም ይወደዳል። ጤና የጎደለው ሰው ግን ሥራ በጀመረበት ወር ያለ ምርመራ የሚሰጠውን ተጨማሪ ሽፋን አሟጦ ይውሰድ፤ ከዚያ የተሻለ በር ላያገኝ ይችላል።

ወረቀታችሁ ላይ «ኤ ዲ ኤንድ ዲ» ብቻ ካለ የላይፍ ኢንሹራንስ የላችሁም ማለት ነው። እሱ የሚከፍለው በአደጋ ለሞተ ብቻ ነው፤ በልብ ድካም ለሞተ የትራክ ሾፌር አይከፍልም። ቤት በገዛችሁ ማግስት የባንካችሁን ስም ጠቅሶ በፖስታ የሚመጣው «የሞርጌጅ መከላከያ» ደብዳቤም ብዙ ጊዜ ከባንኩ አይደለም፤ ስሙን ከሕዝብ መዝገብ አይተው የሚልኩ ሻጮች ናቸው። ጤነኛ ከሆናችሁ ያንኑ ሽፋን በተርም በርካሽ ታገኛላችሁ።

ፖሊሲ የሚወድቅበት ተራ ምክንያት

ካርዱ ጊዜው አልፎ፣ ቤት ተቀይሮ፣ ደብዳቤው ሳይከፈት። ክፍያ ካለፈ በኋላ የ30 ወይም የ31 ቀን ዕፎይታ አለ፤ በዚያ ውስጥ ሰው ቢሞት ይከፈላል። ከዚያ ካለፈ መልሶ ማስጀመር በአዲስ የጤና ጥያቄ ነው። ክፍያው ከካርድ ሳይሆን ከባንክ ሒሳብ ይቆረጥ፤ ካምፓኒው ማስጠንቀቂያ ሲልክ ሁለተኛ ሰው እንዲደርሰው ስም ማስመዝገብም እንደ ስቴቱና እንደ ካምፓኒው ይቻላል፤ የምትተማመኑበትን እህት ወይም ጓደኛ አስመዝግቡ። የካምፓኒውን ጥንካሬ የኢንሹራንስ ካምፓኒዎችን የገንዘብ አቅም በሚመዝነው በኤ ኤም ቤስት ደረጃ ኤ እና ከዚያ በላይ መሆኑን ማየት ይበቃል፤ ካምፓኒው ቢከስር አብዛኞቹ ስቴቶች የሞት ክፍያን እስከ 300,000 ዶላር የሚሸፍን ዋስትና አላቸው።

ክሌም፣ በተለይ ሞቱ አገር ቤት ከሆነ

እዚህ ለሞተ ሰው ሥራው ቀላል ነው፦ የተረጋገጠ የሞት ሰርተፊኬት (ከ8 እስከ 10 ኮፒ አውጡ፣ ባንኩም መኪናውም ይጠይቃል)፣ የክሌም ቅጽ፣ መታወቂያ። ሰርተፊኬቱ ላይ የሞት ምክንያት «በምርመራ ላይ» የሚል ከሆነ ካምፓኒው እስኪጣራ ይጠብቃል። ፖሊሲ መኖሩን ትጠረጥራላችሁ ግን ወረቀቱ ከጠፋ የስቴት ኢንሹራንስ ኮሚሽነሮች ማኅበር፣ ኤን ኤ አይ ሲ፣ በነጻ የሚያፈላልግ አገልግሎት በድረ ገጹ አለው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሞተ ሰው ጉዳይ ይዘገያል። ቀብሩ በማግስቱ ይፈጸማል፣ የአስከሬን ምርመራ የለም፣ ቤቱ የሞተ ሰው የሐኪም ወረቀት ላይኖረው ይችላል። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ሳለ ቢያንስ አንድ ሰው ይህን ይከታተል፦ ሞቱ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይመዝገብ፤ ሆስፒታል ከነበረ የሕክምና ማጠቃለያው ይወሰድ፤ የቀብሩ ማስረጃ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ፣ ደጋፊ ሆኖ የእድር ደብዳቤ ይጻፍ። ሟቹ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ የሞት ሪፖርት ያወጣል፤ ከሁሉም ወረቀት ካምፓኒው ቶሎ የሚቀበለው እሱን ነው።

ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። ስሙ በአሜሪካ ፓስፖርቱ እንዳለ ነው? ቀኑስ በፈረንጅ ተመልሷል? በ2017 ዓ.ም. የሞተ ሰው ቀኑ ሳይመነዘር ቢላክ፣ ፖሊሲውን በ2021 ገዝቶ ከነበረ፣ ከመግዛቱ አራት ዓመት በፊት ሞቷል ተብሎ ይነበባል። ዓመቱ ብቻ ሳይሆን ቀንና ወሩም መለወጥ አለበት፤ የመስከረም ልደትና የጳጉሜን ሞት ተርጓሚ ሲያሳስት እናያለን። ትርጉሙን ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ይሥራው፣ የአማርኛው ዋናም አብሮ ይላክ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ የሞተና ሞቱም ውጭ አገር የሆነ ክሌም ላይ መርማሪ ይላካል ብላችሁ ጠብቁ፤ ይህ የተለመደ አሠራር ነው፣ ጎረቤቶችም ሐኪሙም ይጠየቃሉ። ሁሉ ነገር ከተሟላ በኋላ ክፍያው በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ቀን ይወስዳል። «ገንዘባችሁን እኛው ዘንድ በሒሳብ እናስቀምጥላችሁ» የሚል አማራጭ ከቀረበ ሙሉውን በአንድ ጊዜ መጠየቅ ትችላላችሁ። ክፍያው ዘግይቶ ወለድ ከተጨመረበት ወለዱ ብቻ ታክስ ላይ ይገባል፤ ዋናው ገንዘብ በፌዴራል ታክስ እንደ ገቢ አይቆጠርም።